«ቆርቆሮ ነው፣ ተይው»

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ማክሰኞ ምሽት፣ ከሥራ ወጥቼ ልጄን ከእናቴ ቤት ይዤ ወደ ሰሚት እየተመለስኩ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የዋለው ዝናብ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ዶፍ ሆነ። ወደ ኮንዶሚኒየማችን በሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ውኃ የተኛበትን ጉድጓድ ለማለፍ ፍጥነቴን ስቀንስ፣ በግራ በኩል ሊቀድመኝ የሞከረ ባጃጅ ተንሸራቶ መጣና መኪናዬ ጎን ላይ ተለጠፈ። ከኋላ የተቀመጠው የስድስት ዓመት ልጄ «እማዬ፣ ምንድን ነው?» አለ እንጂ አላለቀሰም። እኔ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወርጄ ሳይ የቪትዟ የኋላ የግራ በር እንደ ጎድጓዳ ሳህን ገብቷል። መሀሉ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ቀለሙ ተልጦ ላሜራው ይታያል። ከበሩ ጀምሮ እስከ ኋላው ፓራውርት ድረስ ደግሞ ረጅም ጭረት አለ። ባጃጁ አንድ ፍሬቻ ከመሰበሩ በቀር ደህና ነበር።

ሹፌሩ ቢበዛ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ዝናቡ ላይ ቆሞ «እህቴ ይቅርታ፣ ፍሬን ይዤ ነበር፣ አልያዘልኝም» ይላል ደጋግሞ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሰው ተሰበሰበ። ጥግ ላይ ቡና የምታፈላው ሴት መጣች፣ የሕንፃው ጥበቃ መጣ፣ ጃንጥላ የያዙ አንድ አዛውንትም ደረሱ። አዛውንቱ መጀመሪያ ልጄን በመስኮት አይተው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እናንተ ተርፋችኋል። ቆርቆሮ ነው፣ ተይው» አሉኝ። ጥበቃውም «ትራፊክ ከጠራሽ እኮ በዚህ ዝናብ ሁለት ሰዓት መቆምሽ ነው» ብሎ ጨመረበት።

ስልኬን ሳወጣ ልጁ ጠጋ አለኝ። «ባጃጁ የእኔ አይደለም። በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ አስገባለሁ። ትራፊክ ከመጣ ነገ ሥራ የለኝም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የበሩን፣ የባጃጁን ፊትና ታርጋ፣ የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ አነሳሁ። ስልክ ቁጥሩን ያዝኩና «እንነጋገራለን» ብዬው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ቤት ስደርስ ደስ ብሎኝ ነበር። አልጮህኩም፣ ሰው እንጀራ ላይ አልቆምኩም፣ ልጄም ፊት ጥሩ ምሳሌ ሆኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ያ ደስታ እስከ ማግስቱ አራት ሰዓት ድረስ ቆየ።

«ሪፖርቱስ?»

መኪናዋን የገዛነው ከመሥሪያ ቤት በተገኘ ብድር ስለሆነ ሙሉ ሽፋን መድን እንድንገባ ግዴታ ነበረብን። ባለቤቴም «ምን ያስጨንቅሻል? ኢንሹራንስ አለን» አለኝ። ማግስቱን ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ መድን ድርጅታችን ሄድኩ። የካሳ ክፍሏ ሠራተኛ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ካየች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የፖሊስ ሪፖርቱስ?» ብላ ነው።

የለኝም አልኳት። ከባጃጅ ጋር የተጋጨሁ መሆኔን፣ ሰው እንደለመነኝ፣ ልጁም እንዳሳዘነኝ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ስልኬን ተቀብላ የባጃጁን ፊት ያነሳሁበትን ፎቶ በሁለት ጣቷ አሰፋችውና መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችኝ።

«ይሄ ምን ይመስልሻል የኔ እህት? የሦስተኛ ወገን መድኑ ነው።»

ሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ግዴታ ከሆነ ወዲህ ሁላችንም በየዓመቱ ከፍለን መስታወታችን ላይ እንለጥፈዋለን። እኔ እንደ ቦሎ ለቁጥጥር የሚያስፈልግ ነገር አድርጌ ነበር የማየው። የሚሠራውን ሥራ በደንብ የገባኝ የዚያን ቀን ነው። ሦስተኛ ወገን የራስን መኪና አያሠራም። በእኛ ጥፋት ሌላ ሰው ወይም የሌላ ሰው ንብረት ሲጎዳ ሕጉ በወሰነው ጣሪያ ልክ የሚከፍለው እሱ ነው። ትናንት ማታ ትራፊክ መጥቶ ፕላን አንስቶ ጥፋቱ የባጃጁ መሆኑን ቢጽፍልኝ ኖሮ የበሬን ወጪ ይዤ ልሄድ የሚገባኝ ወደ ባጃጁ መድን ነበር። ወረቀቱ ባለመኖሩ አሁን ያ በር ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። መኪኖቹ ተነስተዋል፣ ዝናቡ የጎማውን ምልክት አጥቦታል፣ የተሰበሰበውም ሰው ተበትኗል።

መኪና ውስጥ ገብቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ለልጁ አዝኜ የተውኩ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የባጃጁ ባለቤት ዓረቦን የከፈለበት መድን ሊሸከመው የሚችለውን ዕዳ ወስጄ የቀን ገቢ የሚያስገባ ልጅ ትከሻ ላይ ጫንኩት። በእርግጥ ትራፊክ ቢመጣ ቅጣቱም ነበር፣ የባለቤቱም ቁጣ አይቀርለትም ነበር። ግን ያን ማታ ሁለቱን አላመዛዘንኩም። ማመዛዘን እንዳለብኝም አላወቅኩም።

የጥፍርና የማግኔት ምክር

ቅዳሜ አባዬ መጣ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ስለነበር መኪና ሲያይ እንደ ሐኪም ነው። ቡናውን እንኳን ሳይጠጣ ወደ ግቢ ወረደ።

«ሦስት ጥያቄ ነው ያለው» አለኝ። «አንደኛ፣ አደጋ ያመጣል ወይ? ሁለተኛ፣ እያደር ይብሳል ወይ? ሦስተኛ፣ ዓይን ብቻ ነው የሚያመው?»

አንደኛውን ለመመለስ በሩን አምስት ስድስት ጊዜ ከፈተና ዘጋው። ቁልፉ ይይዛል፣ መስታወቱ ይወርዳል ይወጣል፣ የበሩ ጎማ አልተቀደደም፣ መብራቶቹ ሁሉ ይሠራሉ፣ የኋላው እግር ሲሽከረከር የሚነካው ነገር የለም። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ሂሳብ ሳይባል ወዲያው መሠራት እንዳለበት ነገረኝ።

ለሁለተኛው በጥፍሩ ጭረቱን አቋርጦ ሳበ። ጥፍር ሳይደናቀፍ ካለፈ የተነካው የላይኛው የሚያብረቀርቅ ሽፋን ብቻ ነው፣ ፖሊሽ ሊያጠፋው ይችላል። ጥፍር ከያዘ ጭረቱ ቀለሙ ድረስ ወርዷል። ላሜራው ከታየ ደግሞ ነገሩ የዝገት ነው፤ በተለይ ክረምት ላይ። «ይቺ ሁለት ጣት ቦታ» አለኝ በሩ መሀል ያለውን ልጥ እየጠቆመኝ፣ «ከጉድጓዱ ሁሉ የምትብሰው እሷ ናት። ዝገት ቀለሙ ስር እየሄደ ይበላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ያለው ነው።» ለጊዜው አድርቀንና አጽድተን የፕላስተር ቴፕ ለጠፍንበት።

ፓራውርቱን ግን ንቆ አለፈው። ፕላስቲክ ነው፣ አይዝግም። ቢጎደጉድ እንኳን ብዙ ጊዜ የፈላ ውኃ ሲፈስበት ይለሰልስና ከውስጥ ሲገፉት ይመለሳል። የእኛ ፓራውርት ላይ ያለው ጭረት ብቻ ነው። «ይሄ ዓይንሽን ነው የሚያመው። ገንዘብ ከተረፈሽ አሠሪው» አለ።

ባለቤቴ በዚህ አልተስማማም። መኪና ከነጭረቱ መንዳት ለእሱ ባልተተኮሰ ሸሚዝ ቢሮ እንደመግባት ነው። «ነገ ብንሸጠውስ?» አለ። አባዬም «ልትሸጡት ነው?» ብሎ ጠየቀው። አይደለም። «እንግዲያው ልትሸጡት ስትሉ ታሠሩታላችሁ። እስከዚያ ሌላ ሦስት ጭረት ይጨመርበታል፤ አዲስ አበባ ነው ያለነው።»

ከዚያ ጋራዥ ዞርን። የመጀመሪያው ሰፈራችን ውስጥ መንገድ ዳር ነው። 9,000 ብር፣ ነገ ማታ ውሰጂው አለን። አባዬ «ጉድጓዱን እንዴት ልታወጣው ነው?» ሲለው «ስቱኮ እንሞላዋለን» አለ። አባዬ አመስግኖት ወጣ። ስቱኮ ቀጥቅጠው ያስተካከሉትን ላሜራ ለማለስለስ በስሱ የሚቀባ ነገር ነው። ጉድጓድ ከተሞላበት ግን በሩ በተዘጋ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ፣ በፀሐይና በዝናብ እየተፈራረቀ፣ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ንጹሕ፣ እንግዳ መቀበያ ያለው፣ ቀለም በሙቀት የሚያደርቅ ፎርኖ ያለው ትልቅ ጋራዥ ነው። ከበር እስከ ፓራውርት 33,000 ብር ብሎ ፕሮፎርማ ጻፈልን። ሦስተኛው አባዬ ድሮ የሚያውቃቸው ላሜራ ቀጥቃጭ ናቸው። እሳቸው የበሩን የውስጥ ልባስ ሳያወልቁ ዋጋ አልናገርም አሉ። አውልቀው በእጃቸው ከኋላ ከዳበሱት በኋላ 18,500 ብር፣ አምስት ቀን አሉን፤ ፓራውርቱን ሳይጨምር። የተጠቀመ በር ገዝቶ መቀየርንም ጠይቀን ነበር። ሶማሌ ተራ የነገሩን ዋጋ 22,000 ብር ሲሆን ቀለሙ የእኛን ስለማይመስል መቀባቱ አይቀርም። ስለዚህ ያ ወዲያው ቀረ።

«ግድግዳ ነው በዪ»

ትልቁ ጋራዥ ፕሮፎርማውን የሰጠን ሰው መድን እንዳለን ሲያውቅ ፊቱ በራ። ሪፖርት እንደሌለን ስነግረው ደግሞ «ታዲያ ባጃጅ ነው አትበዪያ! የግቢያችሁ ግድግዳ ነው በዪ። ያቺን ጠርዙ ላይ ያለች የድሮ ጭረትም አብረን እናስገባታለን» አለኝ። የተናገረው መንገድ እንደሚያሳዩት ሰው በደግነት ነው።

ያን ማታ ልጃችን ከተኛ በኋላ የካሳ መጠየቂያ ቅጹን ምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ባለቤቴ «ስንት ዓመት ከፈልን? አንድ ቀን ጠይቀናቸው እናውቃለን?» አለ። እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር። ቅጹ ላይ «አደጋው የደረሰበት ሁኔታ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ባዶ ቦታን በቃላት መሙላት እንጀራዬ ነው። ረቂቅ ወረቀት ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ዝናብ ነበር፣ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነበር፣ የግቢው ግድግዳ ነበር። ባለቤቴ አነበበውና «በጣም ጥሩ ነው» አለኝ።

ጥሩ መሆኑ ነው ያስደነገጠኝ። ከታች ደግሞ ከላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚል መስመርና የፊርማ ቦታ አለ። ከመፈረሜ በፊት ለስንት ብር እንደምፈርም ልወቅ ብዬ የመድን ውሉን አወጣሁና ሂሳብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የመኪናዋ ዋጋ። ውሉ ላይ የተጻፈው 1.2 ሚሊዮን ብር ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተደርጎ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። በዚህም በዚያም የመኪና ዋጋ ሲሰቀል የእኛ ቪትዝ ገበያ ላይ 1.8 ሚሊዮን ብር ትጠየቅ ነበር። ውሉን ሳድስ ግን ዓረቦኑ እንዳይጨምርብኝ ብዬ የድሮውን ዋጋ አስቀጥያለሁ። ብልህነት መስሎኝ ነበር። ውሉ ውስጥ ንብረቱ ከዋጋው በታች ከተመዘገበ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀነሳል የሚል አንቀጽ አለ። ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ መድን አስገብቻለሁና ከ33,000 ብሩ የሚታሰብልኝ 22,000 ብር ነው።

ከዚያ ላይ በእያንዳንዱ ጉዳት እኔ የምችለው፣ በመድን ቋንቋ ኤክሰስ የሚሉት፣ 5,000 ብር ይቀነሳል። መድኑ የሚከፍለው 17,000 ብር ብቻ ሆነ። ቀሪው 16,000 ብር ከኪሴ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ስናድስ ደግሞ ካሳ ስላልጠየቅን የሚደረግልን ኖ ክሌም ቅናሽ ይቀራል። እሱም 7,000 ብር ገደማ ነው። ድምሩ 23,000 ብር። የአባዬ ወዳጅ የጠየቁን 18,500 ብር ነው።

ሁለት ጊዜ ደመርኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ለ4,500 ብር ኪሳራ ልዋሽ ነበር።

ሁለታችንም ሳቅን፤ ረቂቁንም ቀደድኩት። ግን አልጋ ውስጥ ገብቼ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ያቆመኝ ሕሊናዬ ነው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያቆመኝ ካልኩሌተሩ ነው። ሂሳቡ 50,000 ብር ትርፍ ቢያሳየኝ ኖሮ ያን መስመር ላይ እፈርም ነበር? ማክሰኞ ማታ ለልጄ ጥሩ ምሳሌ ሆኛለሁ ብዬ የተደሰትኩት እኔው ነኝ፤ እሑድ ማታ ያን ዓረፍተ ነገር ያሳመርኩትም እኔው።

አምስቱ ቀን ዘጠኝ ሆነ

ሥራውን ለአባዬ ወዳጅ ሰጠን። ከመጀመራቸው በፊት የሚሠራውን በዝርዝር፣ ዋጋውንና ቀብዱን አንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን። ከውስጥ በኩል ብረት ደግፈው በመዶሻ ትንሽ በትንሹ እየመቱ ጉድጓዱን አወጡት። አንቲሩጂኒ ቀቡ፣ ስቱኮውን በስሱ ሰጡት፣ በብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያሹ አለሰለሱት። ቀለም ከመቀባታቸው በፊት ጠርተው አሳዩኝ። አባዬ ከፍሪጃችን ላይ ያነሳውን ማግኔት አውጥቶ በሩ ላይ አስኬደው። ስቱኮ የበዛበት ቦታ ማግኔት አይዝም። በሁሉም ቦታ ያዘ።

ቀለሙ የዘገየው በዝናቡ ነው። «ክረምት ላይ ቀለም አይቸኮልም፤ እርጥበት ካገኘው ይደበዝዛል» ብለው ፀሐይ ጠበቁ። እኔም ለዘጠኝ ቀን በራይድና በታክሲ ተመላለስኩ። ይሄን ወጪ መጀመሪያ ሂሳቤ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር፤ እናንተ አስገቡት። የቀለሙን ቁጥር ከመኪናዋ ሳህን ላይ አንብበው ቢያስበጥሱም አስቀድመው ነግረውኛል፦ «ብርማ ቀለም አስቸጋሪ ነው። አዲስና አሮጌ አንድ አይሆንም፤ ወደ ጎን አሳሳስቼ አቀላቅለዋለሁ።» ልክ ነበሩ። ጥላ ውስጥ አይታወቅም። ቀትር ላይ ግን የኋላው በር ከፊተኛው ትንሽ ነጣ ይላል። የፓራውርቱ ጭረት አሁንም እንዳለ ነው። ባለቤቴም አሁንም ያየዋል።

ልጁ

ቅጹን በቀደድኩ ማግስት ለልጁ ደወልኩለት። አብረን ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄደን ዘግይተንም ቢሆን እናስመዝግብ፣ ምናልባት የባጃጁ መድን ይሸፍነዋል፣ አንተም ከመክፈል ትድናለህ አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እህቴ፣ ባለቤቱ አያውቅም። ፍሬቻውን ራሴ ቀይሬዋለሁ» አለኝ። የባለቤቱ ፈቃድና ወረቀት ሳይኖር ደግሞ የትም አይደረስም።

አንድ ሻይ ቤት ተገናኘን። አክስቱን ይዞ መጣ። ነጠላ የለበሱ ሴት ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የሚቆጡት። ደረሰኝ ይዤ ስለነበር 18,500 ብሩን አሳየኋቸው። እትዬ ወረቀቱን አዩትና አንገታቸውን ደፉ። እኔ ፍጥነቴን በድንገት ቀንሻለሁ፣ እሱም በዝናብ ሊቀድም ሞክሯል። በመጨረሻ 6,000 ብር፣ በየሳምንቱ 500 እየከፈለ እንዲጨርስ ተስማማን። ለእኔ ቀላል ቁጥር ነው። ለእሱ ቀላል እንዳልሆነ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ለምን ሙሉ በሙሉ አልተውኩለትም ብላችሁ ብትጠይቁኝ ጥሩ መልስ የለኝም። 18,500 ብር ለእኛም ለወሩ ከባድ ነበር።

አራት ቅዳሜ በተከታታይ ላከ። በቴሌብር 500 ብር ሲገባ «እናመሰግናለን» ብዬ እጽፍለታለሁ፤ እሱም «እሺ እህቴ» ይለኛል። አምስተኛው ቅዳሜ አለፈ። ስድስተኛውም አለፈ። ልደውል እልና እተወዋለሁ።

መስከረም ላይ ያን ባጃጅ አየሁት። ታርጋውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሰሚት መታጠፊያ ተራ ይጠብቃል። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ አየሁ፤ መሪው ላይ ያለው ሌላ ልጅ ነው። «የድሮው የት ሄደ?» አልኩት። «ባለቤቱ ቀየረው» አለኝ። ለምን እንደቀየረው አያውቅም። ስልኩ ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው።

በእኔ በር ምክንያት ይሁን፣ በሌላ፣ አላውቅም። ባለቤቱ ፍሬቻው መቀየሩን አይቶ ጠይቆት ይሆናል። ወይም በየሳምንቱ ለእኔ የሚልከው 500 ብር የቀን ገቢውን አጉድሎበት ይሆናል። ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ የመጨረሻው ነው።

አሁን የምናደርገው

ኪስ መሳቢያችን ውስጥ አሁን የሦስተኛ ወገኑና የሙሉ ሽፋኑ ውል ቅጂ፣ የመድን ድርጅቱ ስልክ፣ አንድ እስክሪብቶና ባዶ ወረቀት አለ። ሰው ከተጎዳ ምንም የምንወያየው ነገር የለም፤ መጀመሪያ ሕክምና፣ ከዚያ ፖሊስ ነው። ሰው ካልተጎዳ መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ እናነሳለን፤ ታርጋውን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውንም ወረቀት። ከዚያ እዚያው ለመድናችን ደውለን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ እንጠይቃለን። ውላችንን ስናድስ የመኪናዋን ዋጋ የገበያውን አድርገነዋል፤ ዓረቦኑ ጨምሯል፣ ከፈልን። ትንሽ ጭረት ሲሆን ደግሞ ቅጽ ከመሙላታችን በፊት የራስን ድርሻ፣ የሚቀረውን ቅናሽና መኪና አልባ የምንሆንበትን ቀን ደምረን ከጋራዡ ዋጋ ጋር እናስተያያለን። የሆነውን ነገር እንዳለ ጽፈን የማያዋጣን ከሆነ አንጠይቅም።

ጃንጥላ የያዙት አዛውንት ተሳስተዋል አልልም። ቆርቆሮ ነው፤ ልጄም እኔም በሰላም ቤታችን ገብተናል። ነገር ግን ያን ማታ «ተውኩት» ስል ምን እንደተውኩ፣ የተውኩትንም ማን እንደሚሸከመው አላውቅም ነበር። ይቅር ማለት ጥሩ ነው። አስር ደቂቃ ወስዶ፣ ወረቀቱን አይቶ፣ ከዚያ ይቅር ማለት ደግሞ ይሻላል። ለልጁም ይሻለው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስልክ ቁጥሩን አላጠፋሁትም። ቀሪውን 4,000 ብር ፈልጌ አይደለም። አንድ ቀን ቢከፈት «ይበቃል፣ ጨርሰናል» ልለው ስለምፈልግ ነው።